አያ ደምሴ አረንጓዴ አልነበሩም

እዚህ አገር ሳይፈተሽ የሚያልፍ ነገር ካያችሁ የዘመድ ነው! አትከራከሩኝ። መናኸሪያ ሂዱ፤ የሾፌሩ አክስት ጆንያ ማንም ሳይነካው ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሠርግ ቤት ሂዱ፤ የሙሽራው አጎት ያመጡት ጠላ ሳይቀመስ ለእንግዳ ይቀዳል... ከዚያ በኋላ እንግዳው ወዴት ወዴት እንደሚሮጥ አልነግራችሁም። ወፍጮ ቤት ሂዱ... ኧረ ወፍጮ ቤቱንስ እኔው ልንገራችሁ፤ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

እዚህ መርሳ ጌታቸው የሚባል ባለ ወፍጮ አለ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነው። የሌላው ሰው እህል በሚዛን ይገባል፣ ዱቄቱም በሚዛን ይወጣል። እኔ ብቅ ስል ግን ገና ከሩቅ ይጮሃል፦

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ! አንቺን ልመዝን? ነውር አይደለም እንዴ!»

ጆንያዬ ሰልፉን ዘሎ ይገባል። ሰልፈኛው በዓይኑ ይገርፈኛል፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ የክብር እንግዳ መስዬ እቆማለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ቤቴ ገብቼ ዱቄቱን ሳነሳው እንደ ላባ ቀለለኝ። እሺ፣ ቀለለኝ ብዬ ማን ጋ ልሂድ? «ሲገባ ስንት ነበር?» ቢሉኝ ምን ልመልስ? ቁጥር የለኝም! በሰልፍ የቆመችው፣ ማንም የማያውቃት ሴትዮ ግን ጤፏን አስመዝና፣ ዱቄቷን አስመዝና፣ ሙሉውን ይዛ ወደ ውርጌሳ ሄደች። እኔ ክብሬን ይዤ ቀረሁ። ክብር ደግሞ አይቦካም።

ይህችን ጆንያ ለጊዜው ያዙልኝ፤ እንፈልጋታለን።

ልጄ መቅደስ ኮምፒውተር ወልዲያ ተምራ መጥታ እዚሁ መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶና ቪዲዮ ቤት ከፍታለች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሱቁ ውስጥ ያለኝ ሥራ ፍሬም መሸጥ፣ ሰው መቀበልና መጨነቅ ነው። ለመጨነቁ ማንም አልቀጠረኝም፤ በራሴ ፈቃድ የያዝኩት ነው፣ እሑድም አላርፍም።

ደግሞስ እንዴት አልጨነቅ? አስቡት እስቲ። ሠርግ ይደገሳል፣ በሬ ይታረዳል፣ ሙሽሮቹ ብርቱካን እርሻ ውስጥ ቀስ እያሉ እየተራመዱ፣ እየተያዩ፣ ቅጠል እየገለጡ ይቀረጻሉ። በማግስቱ ዳሱ ይፈርሳል። ወጡ ያልቃል። ሚዜዎቹ ይጣላሉ። የሚቀረው ቪዲዮው ብቻ ነው። ያም ቪዲዮ የት ነው ያለው? ከልጄ ጠረጴዛ ሥር፣ የጫማ ካርቶን በምታህል አንዲት ሳጥን ውስጥ! የሐብሩ ወረዳ ሙሽራ ሁሉ እዚያች ውስጥ ተጨናንቆ ተኝቷል። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ አስባለሁ።

«መቅደስ፣ ይቺ ሳጥን ብትበላሽስ?»

«ሁለት ዲስክ አላት እማዬ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል።»

«አንዱ ቢሞትስ?»

«ሌላው አለ።»

«ሳይሞት ቢዋሽስ?»

ያን ጊዜ ከስልኳ ቀና ብላ አየችኝ። «ዲስክ ይዋሻል እማዬ። ያስቀመጥሽውን ሳይሆን ሌላ ነገር ይሰጥሻል። ምልክት አያሳይ፣ ይቅርታ አይል።»

«እንደ ጌታቸው በይኛ!»

«ለዚህ ነው እኔ ይህን አሠራር የመረጥኩት» አለችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ልጄ ስታስረዳኝ ደስ ትለኛለች፤ የሌላ ሰው ልጅ ትመስለኛለች። «ይቺ ማሽን ፋይሉን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው። እያንዳንዱን ቁራጭ ስታስቀምጥ ውስጡን ትደምርና ድምሩን ሌላ ቦታ ትጽፋለች። ቼክሰም ይባላል። መልሳ ስታነበው እንደገና ትደምራለች። ካልገጠመ ያ ዲስክ ዋሽቷል ማለት ነው። ወዲያው ከሌላው ዲስክ ደህናውን ታመጣለች፤ የተበላሸውንም ታድሳለች።»

«ሚዛን አላት!»

«ሚዛን አላት። ደግሞ ሌላም አለ። አንድ ነገር ስትቀይሪ አሮጌውን አትነካውም። አዲሱን ሌላ ቦታ ትጽፋለች፤ ጽፋ ስትጨርስ ነው አሮጌውን የምትለቀው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ደህና ነው።»

ይህን ስሰማ ማሽኗን ልስማት ምንም አልቀረኝ። እኔ እኮ አዲሱ መጥረጊያ ገብቶ ቤቱን አንዴ ሳይጠርግ አሮጌውን የማልጥል ሴት ነኝ። አሮጌው ጫማ ከአልጋ ሥር፣ አሮጌው ጀሪካን ከጓሮ... ባለቤቴ «ቤቱን የአሮጌ ዕቃ መጋዘን አደረግሽው» እያለ ሲያሾፍብኝ ኖሯል። ለካ እኔ የሠራሁት ሁሉ ሳይንስ ነው!

ከዚያ ወዲህ መቅደስ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኗን «ፈትሺ» ትላታለች። ማሽኗ ሙሽራውን ሁሉ አንድ በአንድ ስታነብና ስትደምር ታረፍዳለች። እኔም ምስር እየለቀምኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ። መጨረሻ ላይ «ስህተት፦ ዜሮ» ሲል ተነሥቼ በር ላይ እወጣና ለጎረቤት ባለ ሱቅ ሁሉ እነግራለሁ። ማን ጠየቀሽ እንዳትሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

ታዲያ በጥር የአያ ደምሴ የልጅ ልጅ ሰናይት ተዳረች። አያ ደምሴ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ሲሪንቃ አጠገብ የሚያርሱ፣ ለምርቃት ከተነሡ ማንም የማያስቀምጣቸው ሽማግሌ። እኛ ወሎዎች ምርቃት ላይ አንቀልድም። አያ ደምሴ ደግሞ ምርቃቱን ዘርተው፣ አርመው፣ አጭደው፣ ወቅተው ነው የሚቀመጡት። የዚያን ዕለትም ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፣ መቅደስ ካሜራዋን አዞረችባቸው፣ መረቁ፣ ሰው አሜን አለ፣ ሳቀ። እኔ የመብራቱ ገመድ ሰው እንዳያደናቅፍ ቆሜ እየጠበቅሁ ስለነበር አንዲት ቃል አልሰማሁም። (ማንም አልወደቀም። ማንም ደግሞ አላመሰገነኝም።)

ሠርጉ ካለፈ በኋላ መቅደስ ሥራ በዛባት። ጥር ነዋ! የሰው ሠርግ ወረፋ ይዟል። እኔ ግን አላስቀመጥኳትም።

«የሰናይት ይቅደም።»

«ከሷ በፊት የመጡ አሉ እማዬ።»

«እነሱ ባዳ ናቸው! ዘመድ እንዴት በሰልፍ ይቆማል? አያ ደምሴ ምን ይሉናል?»

ጧት አልኳት፣ ምሳ ላይ አልኳት፣ ስትተኛ አልኳት። በመጨረሻ እጇን ሰጠች። «እሺ! እሺ! ፈጣኑ ፎልደር ውስጥ እሠራዋለሁ፤ ቶሎ ያልቃል።»

ፈጣኑ ፎልደር ማለት፣ መቅደስ ገና ባዶ እያለ አንዲት ምልክት ያደረገችበት ነው። እዚያ ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ ምልክቱን ይወርሳል። ምልክቱ ማሽኗን «ይህን ስትቀይሪ ሌላ ቦታ አትጻፊ፤ እዚያው አሮጌው ላይ ጻፊበት» ይላታል። ያዘጋጀችው ለሥራ ቁርጥራጭ ነበር፤ ቀን ሙሉ ተጽፎ ቀን ሙሉ ለሚሰረዝ፣ ጠፋ ቢባል ማንም ለማያለቅስለት ነገር። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ፈጣን» የሚለውን ብቻ ነው።

«ለዘመድ የሚገባው ይሄ ነው!» አልኩ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ መቅደስ የመጨረሻውን ማስተካከያ እየጻፈች ሳለ፣ መብራት ሄደ። የመርሳ መብራት መሄዱን ለመርሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሲመለስ ማሽኗ ተነሣች፣ መቅደስ ቪዲዮውን ከፍታ አየችው፣ ደህና ነው። ከዚያ መውጣት ሲገባው ፎልደሩ ውስጥ ቀረ፤ ሌላ ሙሽራ በሩ ላይ ቆማለቻ! የካሜራው ሚሞሪም ተጠርጎ ለቀጣዩ ሠርግ ሄደ። እኔ ግን ጠንቃቃዋ ቆይቼ በገዛ እጄ አንድ ፍላሽ ላይ ቀዳሁና መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ቅዳሜ መጣ፦ «ስህተት፦ ዜሮ።» በር ላይ ወጣሁ። ለጎረቤት ነገርኩ።

ከፋሲካ በኋላ አያ ደምሴ አረፉ።

ቀበርናቸው፤ ሐዘን ተቀመጥን። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚስታቸው እትዬ ዘውዴ ጥቁር ለብሰው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ከሲሪንቃ ብቻቸውን ነው የመጡት። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

«እትዬ፣ በዚህ ፀሐይ! ሰው ቢልኩ እኛ እንመጣ አልነበር?»

«ለዚህ ሰው አይላክም» አሉና ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «አንቺ የመቅደስ እናት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ዕለት ሲመርቅ ስሜን ጠራ አሉኝ። ጠርቷል?»

እናንተ የአገሩን ወግ ለማታውቁት ልንገራችሁ። አያ ደምሴ ሚስታቸውን ሰው ፊት በስም ጠርተው አያውቁም። «ሴትዮ!» ነው። «እሷ» ነው። ሲቆጡ «እናንተ!» ነው፤ ብዙ ይሆናሉ። ዕድሜ ልካቸውን በስማቸው አልጠሯቸውም። ያን ዕለት ከተጠሩ ደግሞ እትዬ ዘውዴ የት ነበሩ? ጓሮ፣ ወጥ ሲያወጡ!

«እኔ ገመድ ስጠብቅ ነበር እትዬ... ሌላው ሰው ምን ይላል?»

«እሱማ ነው ያቃጠለኝ! ወንድሙ ‹አመሰገነሽ› ይላል። ጎረቤቲቱ ‹ከሰሰሽ› ትላለች። ሙሽሪት ስታለቅስ ነበር፣ አልሰማችም። ሙሽራው ይባስ ብሎ ‹ስለ ገበያ ነገር ነው ያወሩት› ይለኛል! የቱን ልመን? ሞቶብኛል እኮ። ማንን ልጠይቅ?»

አንጀቴን በሉት። «መቅደስ! ክፈቺላቸው!» አልኩ። መቅደስ ራሷ ብዙ ምርቃት ስለምትሰማ ሁሉም ተደባልቆባታል፤ የምታስታውሰው ሰው መሳቁን ብቻ ነው። ከፈተችው። እትዬ ዘውዴ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ።

አያ ደምሴ ተነሡ። ከዘራ፣ ጋቢ፣ ነጭ ጢም።

«በራችሁ ለእንግዳ ይከፈት፣ ለጠብ ይዘጋ!»

«አሜን!»

«ማሽላችሁን ወፍ አይልመደው! ጎተራችሁን አይጥ አይወቀው!»

«አሜን!»

«አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ቤት ልናገር። የእኔዋ ዘ...»

ጭርርርር! የአያ ደምሴ ፊት አረንጓዴ ሆነ። ጎመን አረንጓዴ! አፋቸው እንደተከፈተ ደረቀ፣ ጢማቸው ግማሹ ተንሸራቶ ጆሯቸው ላይ ወጣ፣ ከዘራቸው ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ከሙሽሪት ራስ ላይ በቀለ። ቆየ... ቆየ... ከዚያ በአንዴ ሰው ሁሉ «አሜን!» ብሎ ሲስቅ ተመለሰ። ለምን አሜን እንዳሉ እግዜር ይወቀው።

እትዬ ዘውዴ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ምን አደረጋችሁት?»

«እትዬ...»

«እኔ ገንዤዋለሁ! ሞቶ እንኳ እንዲህ አልሆነም!»

መቅደስ ማሽኗን «ፈትሺ» አለቻት። ሦስታችን አፋችንን ከፍተን ጠበቅን። «ስህተት፦ ዜሮ።»

«ማሽኑ ደህና ነው ይላል» አለች መቅደስ።

«አያ ደምሴ ጎመን መስለዋል፤ ማሽኑ ደህና ናቸው ይላል?»

ይህኔ መቀነቴ ትዝ አለኝ! እንዴት እንደኮራሁ ብታዩኝ... ቋጠሮውን በጥርሴ ጭምር ፈታሁና ፍላሹን እንደ ታቦት ሰጠኋት። «እናትሽ ባትኖር ምን ይውጥሽ ነበር?» ሰካችው። ከፈተችው። አረንጓዴ። ያው ጢም፣ ያው ጆሮ። ከጥር ጀምሮ፣ ሳስቀድስም ስሸምትም፣ አረንጓዴ ሽማግሌ ወገቤ ላይ አስሬ ስዞር ነበር ማለት ነው!

መቅደስ ስክሪኑን አየች። «እኔ ሳየው ግን ደህና ነበር» አለች ለራሷ። ከዚያ ፊቷ እሷም ወደ አረንጓዴ ሄደ። «እማዬ... ፋይሉ ፈጣኑ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ? ለዘመድ ነዋ!»

«ምልክቱ እኮ ማሽኗን አሮጌው ላይ ጻፊበት ነው የሚላት። ያው ቦታ ላይ እየተደመሰሰ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ድምሩ ከጽሑፉ ጋር እኩል ሊሄድ አይችልም፤ ጽሑፉ ተቀይሮ ድምሩ ሳይቀየር መብራት ቢጠፋ ደህናውን ሁሉ ውሸት ነው ልትል ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ድምር ጭራሽ አትይዝም። አውቀው ነበር፤ በጥድፊያ ረሳሁት።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስትፈትሸውስ?»

«ታነበዋለች። ግን ከምን ጋር ታስተያየው? ቁጥር የላትም።»

«ሳይመዘን ነው የገባው?»

«ሳይመዘን።»

አያችሁ ጆንያዬን? «አንቺማ የቤት ሰው ነሽ!» ያ ዜሮ፣ በር ላይ ወጥቼ ያወጅኩት ዜሮ፣ የባዳው ሙሽራ ሁሉ ዜሮ ነበር። የባዳው ሁሉ ተመዝኖ፣ ተደምሮ፣ ደህና ተኝቷል። አያ ደምሴ ብቻ፣ ዘመድ ናቸውና፣ ማንም ሳያያቸው አለፉ።

እትዬ ዘውዴ ይህን ሁሉ ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ጠፋ ማለት ነው?»

«አልጠፋም ይሆናል እማማ» አለች መቅደስ። «መብራት ሲሄድ አንዱ ዲስክ ጽፎ ጨርሶ ሌላው መሃል ላይ ቀርቶ ነው የሚመስለኝ። አንዱ ደህናውን ይዟል፣ አንዱ የተበላሸውን። ማሽኗ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ታነባለች። ለዚህ ነው እኔ ሳየው ደህና የነበረው። ግን የቱ ልክ እንደሆነ አታውቅም። ለሷ ሁለቱም እኩል ናቸው።»

«እንዴት አታውቅም?» ጮኽኩ። «እኔን ትጠይቀኝ! ሲሪንቃን ትጠይቅ! አያ ደምሴ አረንጓዴ አልነበሩም!»

«ለማሽን አረንጓዴ ሽማግሌ ነውር አይደለም እማዬ።»

«ታዲያ ምልክቱን አንሺው!»

«ፋይሉ አንዴ ከተጻፈበት አይነሳም። ባዶ ላይ ነው የሚደረገው፣ ባዶ ላይ ነው የሚነሳው።»

«ወደ ሌላ ፎልደር ውሰጂው!»

«ምልክቱን ይዞት ይሄዳል።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ እንደ አዲስ ቅጂው! ምን ታስጨንቂኛለሽ!»

«ቆይ እማዬ!» እጄን ያዘችኝ። «እንደ አዲስ ብቀዳው ድምር ይኖረዋል። ግን ከአረንጓዴው ዲስክ አንብባ ከቀዳች፣ አረንጓዴውን ነው የምትደምረው። ከዚያ በኋላ አረንጓዴውን አያ ደምሴን ልክ ናቸው ብላ እስከ ዕለተ ምጽአት ትጠብቃቸዋለች!»

እትዬ ዘውዴ አማተቡ። እኔም አማተብኩ።

የቀረው አንድ መንገድ ነበር። መቅደስ ማሽኗን አጠፋች፤ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱን ነቀለችና «ያዢልኝ፣ እንዳትጥዪው» ብላ ሰጠችኝ። ነጠላዬን አራት ዐጥፌ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። በቀረው ዲስክ ብቻ ማሽኗን አስነሣች፤ ምንም እንዳትጽፍበት ለማንበብ ብቻ ነው የከፈተችው። «የእኔዋ ዘ...» ጭርርርር!

ጎመን።

«ደስ ይላል!» አለች መቅደስ። እትዬ ዘውዴ በግርምት አዩዋት። «ማለቴ... ይህ የተበላሸው ከሆነ፣ ደህናው እማዬ የያዘችው ነው።»

ይህን መስማት አልነበረብኝም! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ብረት ነበር የያዝኩት። አሁን ግን አያ ደምሴ ጭኔ ላይ ናቸው! በዓለም ላይ የቀሩት አንድ አያ ደምሴ! ባስነጥስስ? ብስልስ? በዚህ መሃል አንዱ ባጃጅ በሩ ላይ ጡሩንባውን ሲያንባርቀው ዘለልኩ፤ ዲስኩም ከነነጠላው ተንሸራተተ...

እትዬ ዘውዴ ከየት መጡ ሳልል ቀልበው ያዙት። ከእጄ ወሰዱት።

«ስጪኝ ለኔ» አሉ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ይዤዋለሁ፣ ወድቆብኝ አያውቅም።»

ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ከበቡት። መቅደስ ሌላውን ነቅላ፣ ይሄኛውን ልትሰካ እጇን ስትዘረጋ ወዲያው አልሰጧትም።

«ቀስ በይ» አሉ። «ግራ ጎኑን ያመዋል።»

መቅደስ፣ ይህች ሁሉን አውቃለሁ ባይ ልጄ፣ «እሺ እማማ» ብላ በግራ ጎኑ በኩል ቀስ አድርጋ ሰካችው። ማሽኗ ተነሣች። እኔ ለመብራት ኃይል ጸለይኩ። ለሞተው ሳይሆን ለመብራት ኃይል የጸለይኩ የመጀመሪያዋ ሐዘንተኛ ሳልሆን አልቀርም።

አያ ደምሴ ተነሡ። ከዘራ፣ ጋቢ፣ ነጭ ጢም።

«አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ቤት ልናገር። የእኔዋ ዘውዴ...»

የጥንት ፊታቸው! ጠይም! ጢማቸው በቦታው!

«...የእኔዋ ዘውዴ ከመርሳ ገበያ በተመለስኩ ቁጥር ኪሴን ትፈትሻለች። እኔም ሁልጊዜ አኮርፋለሁ። አንድ ጊዜ ግን ገብቼ ብቆም፣ ብጎማለል፣ ኪሴን ገልብጬ ባሳያት፣ ዞር ብላ አላየችኝም። ታማ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ዕለት ቤቱ የኔ አልመስልህ አለኝ። አንቺ ሙሽሪት! ባልሽን ፈትሺው! አንተም ሚስትህን ጠይቃት! ከቤታችሁ የሚፈትሽ አይጥፋ!»

«አሜን!» ሳቁ፣ እልልታው... መቅደስ እዚያ ላይ አቆመችው።

እትዬ ዘውዴ ስክሪኑን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና፦

«ውሸታም!» አሉ።

«እንዴ እትዬ?»

«ኪስ ፈታሽ አደረገኝ አይደል፣ በሰው ፊት! እኔ ቀዳዳ እንዳለው ነበር የማየው! የሰጠሁትን ሁሉ መንገድ ላይ እያንጠባጠበ ይመጣ የለ? ልሰፋለት ነበር እኮ!» ዕንባቸው ግን ወርዶ አገጫቸው ላይ ደርሷል፤ እየሳቁ ነው። «ልጄ፣ መልሺልኝ። ስሜን የጠራበትን ብቻ።»

መቅደስ መለሰችው። «የእኔዋ ዘውዴ...»

«አቤት» አሉ እትዬ ዘውዴ።

እንደገና መለሰችው። «የእኔዋ ዘውዴ...»

«አቤት።»

እኔ ፍሬም ልወለውል ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

የዚያኑ ዕለት መቅደስ ደህናውን አያ ደምሴን ወደ ውጭ ዲስክ አወጣቻቸው፤ ከዚያ ምልክት በሌለው ፎልደር ውስጥ እንደ አዲስ ቀድታ አስገባቻቸው። ተቆራረጡ፣ ተደመሩ፣ እንደ ማንኛውም ባዳ ተመዘገቡ። መቀነቴ ውስጥ የነበረውንም አረንጓዴ አጥፍተን ጠይሙን ጫንበት። በአርባው ዕለት ሲሪንቃ ሄደን ለቤተሰቡ አሳየናቸው። የሟች ወንድም «አላልኳችሁም? አመሰገናት!» አለ። ጎረቤቲቱ «ከሰሳት ነው እንጂ!» አለች። ሙሽራው ብቻ «ስለ ገበያ ነው ብያለሁ» ብሎ ቀና ቀና አለ። እትዬ ዘውዴ ማንንም አልተከራከሩም። ጥጋቸውን ይዘው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ፤ ሲጠራ ቀስ ብለው «አቤት» ይላሉ።

አሁን ቅዳሜ ማሽኗ «ስህተት፦ ዜሮ» ስትል በር ላይ አልወጣም። መቅደስን እጠይቃታለሁ፦ «ያልተፈተሸስ ስንት ነው?» ልጄ ትነጫነጫለች፤ ግን ሄዳ ታያለች። ፈጣኑ ፎልደርም ለቁርጥራጩ እንደነበረ አለ፤ ዘመድ እንዳይገባበት ግን እኔ በር ላይ ተቀምጫለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጤፌን ይዤ ጌታቸው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ገና ሲያየኝ «ኧረ የቤት ሰው! አሳልፏት!» ብሎ ጆንያዬን ሊያነሣ መጣ።

«መዝንልኝ» አልኩት።

«አንቺን? ነውር ነው! ዘመዴ አይደለሽ እንዴ!»

«ለዚያ ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው እንደ ሰው ሰልፍ ያዢ!» አለኝ።

ሄጄ ከኋላ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራስ አየችኝና፣ በሐዘኔታ ጠጋ ብላ «ውይ እህቴ... ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። «ጤፌን ስለምወደው ነው።»